መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እናቴ እህቴን ልትጠይቅ በሰኔ ወደ ዋሽንግተን ትሄዳለች። ትኬቱን ወደ እኛ ሰዓት ስቀይረው ከቦሌ ማታ 4:30 ተነስታ በነጋታው ጠዋት 2:00 ትደርሳለች። ስትመለስ ግን ጠዋት 5:00 ተነስታ አዲስ አበባ የምትገባው በነጋታው ጠዋት 1:00 ነው። መንገዱ ያው አንድ አይደለም እንዴ?
ሕ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይዞሽ፣ ትኬቱ ልክ ነው። ትኬት ቢሮ ስሠራ ይህን ሒሳብ ያልሠራሁለት ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በሰኔ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። (ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ 8 ይሆናል፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይነካካሉ፣ ግራ የምንጋባው እኛ ነን።) መሄጃው ላይ 7 ደምሪ፣ ከመመለሻው 7 ቀንሺ። 16 ሰዓት ተኩል እና 13 ሰዓት ይመጣልሻል።

የቀረችው 3 ሰዓት ተኩል ግን እውነተኛ ልዩነት ናት፤ እኔ የምወደውም እሷን ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ ዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅም ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ማረፊያው እንደ በረራው ይለያያል፤ ለምሳሌ ደብሊን (አየርላንድ) ወይም ሎሜ (ቶጎ)። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ደግሞ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሳ ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። በዚያ ላይ ነፋስ አለ። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ስላለ ሲሄዱ ፊት ለፊት ገጥሞ ያዘገያቸዋል፣ ሲመለሱ ከኋላ እየገፋ ያግዛቸዋል።

«ደብሊን ዙር አይደለም ወይ?» እንዳትዪኝ። ቀጥታው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደብሊን በኩል የሚጨምረው 300 ገደማ ብቻ። ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ ነው የሚያሳስተው። ሉል ካገኘሽ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሪበት፣ በአውሮፓ በኩል ሲያልፍ ታዪዋለሽ።

ለእናትሽ ግን ይህን ሁሉ አትንገሪያት። ለነዳጅ ሲያርፉ መብራቱ ይበራል፣ ሰው ይንጠራራል፣ እናቶችም «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሻንጣ ማውረድ ይጀምራሉ። ነዳጅ እስኪሞላ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወረድም፤ አስተናጋጆቹ ካላሏት በቀር አትነሳ። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በእጅ ቦርሳዋ ይሁን።

በረራው ከተቀየረ ደግሞ ቀኑን አደራ። የትኬት ቀን የሚለወጠው ከእኩለ ሌሊት ነው። «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ ለእኛ ሰኞ ሌሊት 6:30 ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ አስጭነው ቦሌ የመጡ ደንበኞች ነበሩኝ።