ያበጠው ልጅ፣ ጠበሉና ኪኒኑ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በልጆች የኩላሊት ሕመም ላይ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። የሕክምናውን ክፍል የሕፃናት ሐኪም፣ የሃይማኖቱን ክፍል ደግሞ በየእምነቱ የሚያስተምሩ ሰዎች መልሰውታል።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ያብጥ ነበር። መጀመሪያ ዓይን ነካው ተባለ። ጤና ጣቢያ ስንወስደው የምግብ እጥረት ነው ብለው ፕላምፒ ነት ሰጡን። ሆዱና እግሩ ሲነፋ ግን ወደ ሆስፒታል ተላክን፤ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ነው ተብሎ በቀን 6 ፍሬ ፕሬድኒሶሎን ጀመረ። በ12ኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። አማቴ ግን “ያዳነው ጸሎት ነው፤ ኪኒኑማ ፊቱን አሳበጠው” ይላሉ፤ 14 ቀን ጠበል ይግባ ብለዋል። ጠበል ቦታ መድኃኒት አይወሰድም የሚሉም አሉ። ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጠበሉን ይውሰዱት። ኪኒኑም አብሮ ይሂድ።

ምክንያቱን ለመረዳት ሕመሙን ማወቅ ይጠቅማል። የኩላሊት ማጣሪያ ወንፊቱ ሰፍቶ ፕሮቲን ወደ ሽንት ያፈስሳል። በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲያንስ ውኃው ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ይተኛል፤ ጠዋት ዓይን ላይ፣ ማታ እግር ላይ የሚታየው እሱ ነው። ሽንቱም አረፋ ያበዛል። ከምግብ እጥረት እብጠት የሚለየው በቀላል የሽንት ምርመራ ነው፤ የልጅዎ ሽንት ቀደም ብሎ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ፕላምፒ ነቱ ባላስፈለገ ነበር። ፊቱ አሁን መክበቡ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ለመለየት የእግሩን ቅልጥም ፊት ለፊት በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑ፦ ጎድጉዶ ከቀረ ውኃ ነው፤ ወዲያው ከሞላና ሽንቱ ንጹሕ ከሆነ መድኃኒቱ ያመጣው ክብነት ነው፤ መጠኑ ሲቀንስ ይሄዳል።

መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነው፤ በቀን 2 ሚሊግራም ለኪሎ። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 30 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ባለ 5 ሚሊግራሙ ከሆነ 6 ፍሬ ማለት ነው። ይህ በየቀኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀጥላል፤ ከዚያ መጠኑ ቀንሶ አንድ ቀን እየዘለሉ ሌላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሰጣል። ልጅዎ 12ኛው ቀን ላይ ስላማረበት አልጨረሰም። አሁን ቢቋረጥ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ሕመሙ ያገረሻል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ በተለይ መድኃኒቱ ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ በራሷ ታመርተው የነበረውን ሆርሞን ኪኒኑ ስለተካላት ተኝታለች፤ ድንገት ሲያቆሙ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ይዝላል፣ የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ ይወርዳል። ጠበል ቦታ ላይ ይህ ሲታይ “መንፈሱ እየለቀቀው ነው” የሚል አይጠፋም፤ ጊዜ የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው።

የጠበሉን ጠዋት እንዲህ ያመቻቹት። ልጁ ሲነሣ የመጀመሪያ ሽንቱን በመመርመሪያ ወረቀት ይዩ፤ ወረቀቱን ነክረው በ60 ሰከንድ ከዕቃው ላይ ካለው ቀለም ጋር ያስተያዩ። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ፕሮቲን የለም፤ እየጠቆረ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ። በደብተር ይጻፉት። በባዶ ሆድ ይጠመቅ ከተባለ ችግር የለውም፤ ፕሬድኒሶሎን በቀን አንዴ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚሰጥ ስለሆነ ከ1 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ቢገፋ አይጎዳም። ተጠምቆ ወዲያው በፎጣ ይድረቅ፣ ይልበስ፣ ቁርሱን ይብላ፣ ኪኒኑን ይዋጥ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው መጠኑ ይደገማል። ወደ ማታ ግን አይግፉት፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልጁም ይነጫነጫል።

ከመጠመቁ ይልቅ የሚያሰጋው መጠጡ ነው። ጠበል በገፍ አጠጥቶ ማስመለስ ለዚህ ልጅ ፈጽሞ አይሆንም። እብጠት ላይ እያለ የሚጠጣው ውኃ እብጠቱን ይጨምራል፤ ሲያስመልሰው ደግሞ ደሙ ይወፍራል፣ ይረጋል። ውጭው ያበጠ ልጅ ደም ሥሩ ውስጥ ግን ውኃ ሊያጥረው ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያምንም። ስለዚህ ለበረከት አንድ ፍንጃል ይበቃል፤ እሱም ሐኪሙ ከፈቀደለት የቀን ፈሳሽ ውስጥ ይቆጠር። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም ክፍት ምንጭ አያጠጡት። አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ይዘው ካህኑ ይጸልዩበት፤ የሚጠጣው እሱን ይሁን። ጣዕሙ ጨው ጨው የሚል ጠበል ለገላው ብቻ። እምነቱንም (ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የተባረከ አመድ ወይም አፈር) ግንባሩ ላይ ይቀቡት እንጂ በውኃ በጥብጠው አያጠጡት።

ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ የእግር አንድ ወገን ማበጥና መታመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሽንት መጥፋት ከታየ ሱባኤው ሳይጨረስም ቢሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል። በተለይ ትኩሳትና የሆድ ሕመም አብረው ከመጡ አንድ ሌሊት አይታደርም፤ ሆድ ውስጥ ያለው ውኃ መርቅዞ ሊሆን ይችላል።

አማትዎ መድኃኒቱ ከእምነት ጋር ይጣላል ብለው ከሆነ፣ መምህሩ የሚሉት ይህን ነው፦ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒቱን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ሕዝቅያስ ጸልዮ 15 ዓመት ከተጨመረለት በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ይህን ለአማትዎ እርስዎ ከሚነግሯቸው የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከምራት አፍ ሲወጣ ክርክር ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጃችን 6 ዓመቷ ነው። ስትታመም “ከዳነች ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይዘናት እንሄዳለን” ብለን ተሳልን። 7 ወር ደኅና ከረመች። በዓሉ ሲደርስ በሥራ ምክንያት ቀረን። አሁን ጉንፋን ይዟት በሳምንቱ እንደገና አበጠች። ባለቤቴ “ስለቱን ስላስቀረን ነው” እያለች ሌሊቱን ታለቅሳለች። (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ መንስኤው ጉንፋኑ ነው። ለመድኃኒቱ መልስ ከሰጡ 10 ልጆች 7 ወይም 8 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገረሽባቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀሰቅሰውም ተራ ጉንፋን ነው። ስለት ባገቡ ቤተሰቦችም ልጆች ላይ እንዲሁ ያገረሻል። 3 ቀን በተከታታይ የሽንት መመርመሪያ ወረቀቱ 3 መደመር (+++) ካሳየ ማገርሸት ይባላል፤ እብጠቱን ሳይጠብቁ ያኔውኑ መሄድ ነው። ሕክምናው እንደገና ሙሉ መጠን ሆኖ ሽንቱ 3 ቀን ንጹሕ እስኪሆን ይሰጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለሉ 4 ሳምንት። ከመጀመሪያው ዙር ያጠረ ነው። የተረፈ ኪኒን ቤት ቢኖርም መጠኑን በግምት አይጀምሩ፤ ልጅቱ በ7 ወር ኪሎ ጨምራለች።

ለባለቤትዎ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ያንብቡላት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው “ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?” ብለው ሲጠይቁ ጌታ “እርሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም አልሠሩም” ነው ያለው። ስለት መፈጸም አለበት፤ ነገር ግን ቅዱስ ገብርኤል ዕዳውን ከሕፃን ኩላሊት የሚያስከፍል መልአክ አይደለም። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይልቅ ለውቃቢ ይቀርባል፤ ደፍረን እንናገረው።

የተሳላችሁት ጥላ፣ ጧፍ ወይም ገንዘብ ከሆነ አሁኑኑ በሰው ይላክ። እሷን ይዞ መሄዱ ሽንቷ ንጹሕ ሆኖ አንድ ቀን መዝለል እስክትጀምር ይቆይ፤ የንስሐ አባታችሁም ይወቁት። በዓመቱ በዓል ከሚሆን ግፊያ የሌለበትን ተራ ወር በ19 ብትመርጡ ይሻላል፤ ኩፍኝና ጉድፍ የሚተላለፈው በሕዝብ መካከል ነው፤ እሷ ደግሞ በከፍተኛ መጠን ላይ ሳለች የኩፍኝ ክትባት እንኳ ይዘገይላታል። ከእነዚህ አንዱ የያዘው ልጅ አጠገብ ከነበረች ሽፍታ እስኪወጣባት አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ለሐኪሟ ንገሩ። ለጉዞው ኪኒኑ ለቀኖቹና ለተጨማሪ 5 ቀን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከአውቶቡስ በላይ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይግባ። የሽንት ወረቀቱ ክዳኑ ተጠብቆ፣ የሆስፒታል ካርዱም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይሂድ። በየ2 ሰዓቱ ትውረድና ትራመድ።

ጥያቄ፦ በጸሎት ፕሮግራም ላይ “ልጁ ተፈውሷል፤ መድኃኒት መያዝ አለማመን ነው” ተባልን። እንድንመሰክርም ጠይቀውናል። ሕክምናው 8ኛ ሳምንት ላይ ነው። (ወላጆች፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጌታ ለምጻሞቹን “ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ” ነው ያላቸው (ሉቃስ 17፥14)። በዚያ ዘመን ለምጽ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር። መመርመር ፈውስን መጠራጠር ቢሆን ኖሮ ይህን ባላዘዘ ነበር። እናንተም ወረቀቱን ታያላችሁ። ልትመሰክሩ ትችላላችሁ፤ ያያችሁትን ልክ ብቻ ተናገሩ፦ “አብጦ ነበር፣ ጸለይን፣ ታከመ፣ ሽንቱ ጠርቷል፣ የቀረውን ሳምንት እየወሰደ ነው።” ሐኪሞችም ቢሆኑ በዚህ ጊዜ “ዳነ” አይሉም፤ ሪሚሽን ነው የሚሉት፣ ፕሮቲኑ ቆሟል ለማለት። አብዛኞቹን ልጆች ጉርምስና ላይ ሲደርሱ ሕመሙ ይተዋቸዋል፤ ጥቂቶቹን አይተዋቸውም። ኪኒኑን ከጣላችሁት ደግሞ በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ስንት ቀን እንደተቋረጠ ንገሩ። ሐኪም ፊት መዋሸት ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዳንቆጣ ከመፍራት ነው፤ ግን ያልተወሰደ ኪኒን “አልሠራም” ተብሎ ከተመዘገበ ልጁ የማያስፈልገው ከባድ መድኃኒት ሊታዘዝለት፣ ኩላሊቱም ለናሙና በመርፌ ሊወጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቁርኣን የተቀራበት ውኃና ዘምዘም እናጠጣዋለን፤ ጥቁር አዝሙድ በማርም እንሰጠዋለን። ይጣላል ወይ? (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሩቅያው አይጣላም፤ ውኃው በጉንጭ ልክ ይሁን። ጥቁር አዝሙዱንና ማንኛውንም የዕፅ ጭማቂ፣ ኮሶም ጭምር፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ይተዉት፤ መጠኑ የማይታወቅ ነገር የታመመ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ክፉ ነገር ቢመጣም ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልም። አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ በሽታን አላወረደም የሚለው ሐዲስ የታወቀ ነው፤ ሆስፒታል መሄዱም በዚያው ውስጥ ነው። ሰደቃውን ቀጥሉበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ሆስፒታል አይሂዱ፤ ያለ ወረቀቱ ከኪስ ትከፍላላችሁ።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ እሑድ እሑድ ይቆርባል። ኪኒኑ ከቁርስ ጋር ነው። ጾምም እየገባ ነው፤ ምን ላብላው? (እናት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ በየቀኑ በሚወስድበት ወቅት ከቅዳሴ በኋላ ቁርሱን በልቶ ይውሰድ፤ እስከ ቀትር ቢዘገይ አይጎዳም፤ ኪኒን ሆድ ስለሚያስነሣ ቆርቦ እንዳያስመልሰው ቁርሱ ከኪኒኑ ይቅደም። አንድ ቀን መዝለል ሲጀምር ይቀላል፦ ሳምንት 7 ቀን ስለሆነ ኪኒኑ አንዱን እሑድ ከዋለ ቀጣዩን እሑድ አይውልም። በነጻው እሑድ ያቁርቡት።

የ5 ዓመት ልጅ አይጾምም፤ እንቁላልም ወተትም ይብላ። የጾሙ ወራት አደጋ ጨው ነው። ምጥን ሽሮውም በርበሬውም ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፤ ድስት ላይ አልጨመርኩም ማለት አይበቃም። ለእሱ አንድ ኪሎ ሽሮ ያለ ጨው ለብቻ ያስፈጩ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሎሚ ያጣፍጡት። ፕሬድኒሶሎን ስለሚያስርበው ድስቱን ከእጁ ያርቁ፤ ሽሮው ቢጣፍጠውም ባይጣፍጠውም ሌሊት ይፈልገዋል።