ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ላይ እምቢ የሚል መኪና

ጥያቄ፦ «ዲኤክስ መኪናዬ ጠዋት በደሴ ብርድ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ፒያሳ አስር ደቂቃ አቁሜው ስመለስ ግን ቀጭ ይልና ዝም። ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ባትሪ ቀይሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ቀይር እየተባልኩ ነው።»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ሞተሪኖ ለመግዛት ግን አትቸኩል። ባትሪውንም በከንቱ የቀየርከው ይመስለኛል። ባትሪ አቅም የሚያንሰው በብርድ ነው፤ የሞተር ዘይትም የሚወፍረው ያኔ ነው። የደሴን ንጋት የቻለ ባትሪ ቀትር ላይ የሚሰንፍበት ምክንያት እምብዛም የለም።

መኪናህ የሚታመመው ሲግል ነው። ዳገቱን የወጣ ሞተር ስታጠፋው ውሃው መዞሩን፣ ነፋሱም መግባቱን ያቆማል፤ ሙቀቱ ኮፈኑ ስር ይታፈናል። ስለዚህ ሞተሪኖው ይበልጥ የሚግለው ካቆምክ በኋላ ነው። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር መቋቋሙ (ሬዚስታንሱ) በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባረጀ ገመድና በዛገ ማሰሪያ በጭንቅ ያልፍ የነበረው ኃይል ያኔ አይበቃም።

ጣጣው ጋራዥ እስኪደርስ መብረዱ ነው። መካኒኩ ሲሞክረው ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) መኪናው ውስጥ አስቀምጥና እምቢ ባለበት ቦታ ለካ። ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዝልህ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ።

መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ራሶች ለካ፤ ማሰሪያውን ሳይሆን እርሳሱን ራሱን ንካ። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያ ሞተሪኖው ተይዟል። 12 አካባቢ ከቆየ ባትሪውን ተወው።

ቀጥሎ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የኃይል ማብሪያ) ላይ የሚታሰርበት ቦታ አድርግ። ቁልፉ ተይዞ ሳለ ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ የቁልፉ ማብሪያ ወይም ሽቦው ነው። በአሮጌ መኪና ላይ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ይህንን ነው፤ ባለ 30 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ብታስገባለት ይፈታል። ሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር አለ፦ 30ን በ30 አምፔር ፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 87ን ከሶሌኖይዱ፣ 86ን ከድሮው የቁልፍ ሽቦ፣ 85ን ከማሳ (ከመኪናው ብረት) አገናኝ።

እዚያ በቂ ቮልት ካለና ቀጭታው ጠንካራ ከሆነ ወደ ሶሌኖይዱ ሁለት ወፍራም ቡሎኖች ሂድ። ቁልፉ ተይዞ ሳለ የባትሪው ገመድ ያለበት 12፣ ወደ ሞተሪኖው የሚገባው ዜሮ ካሳየ ውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተቃጥለዋል። ሁለቱም 12 እያሳዩ ካልዞረ ካርቦኑ (ሞተሪኖው ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፈው) አልቋል፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለህ ስትመታው የሚዞር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የተረጋገጠ ነው። መዳቡም ካርቦኑም ተለይተው የሚቀየሩ ናቸው፤ ሙሉ ሞተሪኖ አያስገዙም። መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ለጊዜው ያስነሳል፣ አያዘልቅም።

ማሳውን አትርሳ። ቀዩን የሞተሪኖው አካል ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ አድርገህ፣ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ለካ፤ ኃይል በማያልፍበት ሁሌም ዜሮ ስለሚያሳይ ያሳስትሃል። ከ0.3 በላይ ካሳየ ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የሚያያዘውን ገመድ ፈትተህ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ፋቅ። ትንሽ ነገር አይምሰልህ፤ 150 አምፔር ሲያልፍ አንድ መቶኛ ኦም ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል።

ቴስተር ከሌለህ የፊት መብራት አብራና ቁልፉን አዙር። መብራቱ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ባትሪውን፣ የባትሪውን ማሰሪያና የተያዘ ሞተሪኖን ተጠራጠር፤ እንዳለ ከቆየ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም።

ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ የማይነሳ ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ካንዴላ፣ ቦቢናና ቤንዚን ነው የሚታየው። ምንም ነገር ከመፍታትህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፤ የሞተሪኖው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪ የመጣ ስለሆነ መፍቻህ ብረት ቢነካ የሚያቋርጠው ፊውዝ የለውም።