የኤሌክትሮማግኔቲክስ መጽሐፍ፦ የቱን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ እየወሰድን ነው። የሚሰጠን ስላይድ ፎርሙላ ብቻ ነው፣ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ሲኒየሮች አምስት ስድስት መጽሐፍ በቴሌግራም ልከውልኛል። አንዱን እጀምርና ሲከብደኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፣ እስካሁን ከሁለተኛው ምዕራፍ ያለፍኩበት መጽሐፍ የለም። ሁሉም «ግሪፊትስን አንብቢ» ይሉኛል። የቱን ልያዝ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መጽሐፍ መቀያየሩን ዛሬውኑ አቁሚ። አንድ ዋና መጽሐፍ ያዢና እስከ ፋይናል ድረስ ከእሱ ጋር ቆዪ። ሌላውን የምትከፍቺው ዋናው አንድ ቦታ ላይ አልገባ ሲልሽ ብቻ ይሁን።

ግሪፊትስ ድንቅ መጽሐፍ ነው፣ ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ፊት ለፊትሽ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራሽ መምህር ነው የሚያስረዳው። ግን የተጻፈው ለፊዚክስ ተማሪ ነው። የኮርስ አውትላይንሽን አውጪና መጨረሻውን እዪው። ትራንስሚሽን ላይን፣ ስሚዝ ቻርት፣ ኢምፒዳንስ ማቺንግ የሚል ካለበት (በኢንጂነሪንግ አብዛኛውን ጊዜ አለበት) ግሪፊትስ ላይ ስሚዝ ቻርትን አታገኚውም። ጥያቄዎቹም ከጀርባ መልስ የላቸውም፤ ብቻውን ለሚያጠና ሰው ይህ በጣም ይከብዳል።

ስለዚህ ለአንቺ ዋናው ሳዲኩ ይሁን። ደራሲው ትውልደ ናይጄሪያዊው ማቲው ሳዲኩ ነው፣ መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በ1989 ነው። የምወድለት ነገር ግልጽ ነው፦ አንድ ምሳሌ ሠርቶ ያሳይሽና ወዲያው ተመሳሳይ መልመጃ ይሰጥሻል፣ መልሱም እዚያው ሥር ተጽፏል። ተሳስተሽ ከሆነ ገጹን ሳትገልጪ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ሙሉ በሙሉ ቬክተር ናቸው፣ ኋላ ላይ ደግሞ ትራንስሚሽን ላይን፣ ዌቭጋይድና አንቴና እያለ ይሄዳል። ድክመትም አለው። አንዳንዴ ውጤቱን ቶሎ ይሰጥሽና «ለምን?» የሚለውን በአጭሩ ያልፈዋል። ግሪፊትስ የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው። ምዕራፍ 1ን ለቬክተር ካልኩለስ፣ ምዕራፍ 7ን ለፋራዳይ ሕግና ለማክስዌል እኩልታዎች አንብቢው።

እነዚያን ሦስት የቬክተር ምዕራፎች እባክሽ አትዝለያቸው! ተማሪ «ኤሌክትሮማግኔቲክስ ከበደኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የከበደው ዳይቨርጀንስና ከርል (የቬክተር ፊልድ መበተንና መዞር የሚለኩበት ሒሳብ) ነው፣ ወይም ከካርቴዥያን ወደ ስፌሪካል መቀየር። የጋውስን ሕግ በቃል ይዞ፣ ሲሊንደር ላይ ያለውን ኢንተግራል ግን መጻፍ ያቅተዋል። ሁለት ሳምንት እዚያ ላይ ብታጠፊ ሴሚስተሩን በሙሉ ታተርፊዋለሽ።

ሁለቱን ስታነቢ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ ማንም ቀድሞ ስለማይነግርሽ ነው። ምልክቶቹ ይለያያሉ። ግሪፊትስ ላይ ሲግማ የገጽታ ቻርጅም ኮንዳክቲቪቲም ይሆናል፣ ሳዲኩ ላይ ግን ኮንዳክቲቪቲ ነው። ከዚያ የባሰው ሞገድ ላይ ይመጣል። ኢንጂነሮች የጊዜውን ኤክስፖነንሻል በፖዘቲቭ ጄ ይጽፋሉ፣ የፊዚክስ ሰዎች በኔጋቲቭ አይ (ጄም አይም ያው የኢማጂናሪ ቁጥር ምልክት ናቸው)። በዚህ ምክንያት የኮምፕሌክስ ፐርሚቲቪቲ ኢማጂናሪ ክፍል ምልክቱ ይገለበጣል። ከአንዱ መጽሐፍ ፎርሙላ፣ ከሌላው ምሳሌ ወስደሽ ብታደባልቂ የሚዳከመው ሞገድ ወረቀትሽ ላይ እያደገ ሲሄድ ታገኚዋለሽ።

ሌሎቹስ? ሄይትም ጥሩ ነው፤ ከ1958 ጀምሮ ተማሪ ያነበበው ነው፣ እሱ ካለሽና ከለመድሽው ወደ ሳዲኩ መዞር አያስፈልግሽም። ቼንግ ሒሳቡ ጠንከር ያለ ነው። ኡላቢ ትራንስሚሽን ላይንን ከቬክተር በፊት ያስቀድማል፣ መምህራችሁ በዚያ ቅደም ተከተል ካልሄደ ያደናግርሻል። በነጻና በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ከፈለግሽ የቨርጂኒያ ቴኩ ኤሊንግሰን በሁለት ቅጽ የጻፈው አለ፣ የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው በ2018 ነው። የፋይንማን ሌክቸሮች 2ኛ ቅጽም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። እሱን ለፈተና ዝግጅት አልመክርሽም፣ አእምሮሽ ሲደክም ግን ትምህርቱን መልሶ ያስወድድሻል።

ስለ ዕትም አትጨነቂ። የማክስዌል እኩልታዎች አልተቀየሩም። አሮጌው ዕትም ላይ የጥያቄ ቁጥሩ ብቻ ሊለያይ ስለሚችል አሳይመንት ሲሰጥ ከጓደኛ ጋር አመሳክሪ።

አሁንም ካመነታሽ እንዲህ ሞክሪ። ሁለት መጽሐፍ ላይ የሁለት ዳይኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ቁሶች) ድንበር ላይ ያለውን ባውንደሪ ኮንዲሽን አውጪ። አንዱን ረጋ ብለሽ አንብቢና ክደኚው። ከዚያ ከድንበሩ ጋር ትይዩ የሆነው የኤሌክትሪክ ፊልድ ክፍል ለምን በሁለቱም በኩል እኩል እንደሚሆን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ። ድንበሩን የሚያቋርጥ ቀጭን ሬክታንግል ሠርተሽ፣ ስፋቱን ወደ ዜሮ ስታቀርቢው የሚቀሩት ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ብቻ መሆናቸውን በራስሽ አባባል መጻፍ ከቻልሽ፣ ያ መጽሐፍ ያንቺ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ፊዚክስ ነው የምማረው፣ 2ኛ ዓመት ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ጃክሰንን ነው የሚያነበው ይባላል። ልጀምረው? (ከጅማ)

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ቆይ። ጃክሰን የማስተርስና የዶክትሬት መጽሐፍ ነው። ያንተ ዋና መጽሐፍ ግሪፊትስ ነው፣ ከጎኑ ፐርሰልን አድርግ። ፐርሰል ማግኔቲዝምን ከሪላቲቪቲ ተነስቶ የሚያሳይበት ቦታ አለ፣ ለፊዚክስ ተማሪ ትልቅ ደስታ ነው። ብቻ በ2013 የወጣውን 3ኛ ዕትም ፈልግ። የቀድሞዎቹ ሲጂኤስ በሚባለው የአሃድ ሥርዓት የተጻፉ ናቸው፣ እያንዳንዱን ፎርሙላ ወደ ኤስአይ ስትቀይር ጊዜህ ያልቃል።