ወላጆቿ ተመርምረዋል ተብላ የተሸጠችው ውሻ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከሰባት ወር በፊት አንዲት የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ በ40 ሺህ ብር ገዛሁ። ሻጩ በቴሌግራም «ወላጆቿ ዝምድና የላቸውም፤ ዳሌያቸውም በኤክስሬይ ታይቷል» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። አሁን ደረጃ ስትወጣ ሁለቱን የኋላ እግሮቿን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ አንሥታ ትዘላለች። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ያስነሣሁት ኤክስሬይ የዳሌዋ መጋጠሚያ የላላ መሆኑን አሳየ። ሻጩን ስጠይቀው ወላጆቿ ወንድምና እህት መሆናቸውን አመነ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ካልሆነስ አንድ ጊዜ አስወልጄ ቡችሎቿን ብሸጥ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ውሻ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በራሱ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ነገር፣ ማለትም የሚዳሰስ ንብረት በመሆኑ (አንቀጽ 1127) ሽያጩ እንደማንኛውም ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ይታያል። በአንቀጽ 2287 ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው።

ክስዎን በዳሌዋ ሕመም ብቻ ላይ እንዳይመሠርቱ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ይህ ሕመም በብዙ ዘረ መሎች የሚወረስ ቢሆንም የአመጋገብና የክብደት ድርሻም አለበት፤ ከጤነኛ ወላጆችም አልፎ አልፎ የታመመ ይወለዳል። ስለዚህ ሻጩ «ከልክ በላይ መግበዋት ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ጠንካራው መሠረትዎ በቴሌግራም የጻፈልዎት ቃል ነው። አንቀጽ 2289 በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ የታሰበው ጠባይ (የዕቃው ጥራት ወይም ዓይነት) የጎደለውን ነገር ጉድለት ያለበት ያደርገዋል። ወንድምና እህት ሲዳቀሉ የቡችላዋ የዝምድና መጠን 25 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም ከዘረ መሎቿ ሩብ ያህሉ በእናትም በአባትም በኩል ከአንድ ቅድመ ወላጅ የመጣ አንድ ዓይነት ቅጂ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ከሁለቱም ወላጆች ተደብቆ የመጣ አንድ ዓይነት ጎጂ ዘረ መል በቡችላዋ የመገናኘቱ ዕድልም በዚያው ልክ ይጨምራል። «ዝምድና የላቸውም» የሚለው ቃል ዋጋውን ያስወሰነ ዋና ነገር እንጂ የገበያ ማሞገሻ አይደለም። መልእክቶቹን አያጥፉ፤ የኤክስሬዩን ፊልምና የሐኪሙን የጽሑፍ አስተያየትም በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። አንቀጽ 2292 ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ሦስት ሳምንት አልፏል። በቃል መነጋገራችሁን ማስረዳት ሊከብድዎት ስለሚችል፣ የጉድለቱን ዓይነት ዘርዝረው በዚህ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ይላኩለት። ካስታወቁ በኋላ በአንቀጽ 2298 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለብዎት። ውሉ ተሰርዞ ገንዘብዎ እንዲመለስ፣ ለሕክምና ያወጡትም በኪሣራ እንዲተካልዎት መጠየቅ ይችላሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ እባክዎን አያድርጉት። ማስወለዱን በራሱ የሚከለክል ሕግ ባልጠቅስልዎትም፣ በሚያማት ዳሌ ላይ እርግዝና መጨመር ለእርሷ ሥቃይ ነው፤ ቡችሎቹም ይህንኑ ይወርሳሉ ተብሎ ይሰጋል። ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ወላጆቹ ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ዳሌያቸው በኤክስሬይ ሳይታይ፣ የዘር ሐረጋቸውም ሳይጣራ አያዳቅልም። ሕመሟን ደብቀው ቡችሎቹን ቢሸጡ ዛሬ ሻጩን የሚከሱበት የዋስትና ግዴታ በእርስዎ ላይ ይዞራል፤ ሊገልጹት የሚገባዎትን ነገር ለጥቅም ብሎ መሰወር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 በአታላይነት ሊያስጠይቅም ይችላል። ያኔ አላውቅም ነበር ማለትም አይችሉም፤ በዚህ ሳምንት ለሻጩ የሚልኩት ደብዳቤ ማወቅዎን ያስረዳል።