56 ቁጥር ብስክሌት ይሆነኛል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ቁመትህ 1.72 ሆኖ ያገኘኸው ኮርስ (የእሽቅድምድም) ብስክሌት ፍሬሙ፣ ማለትም ዋናው አካሉ፣ 56 ሴንቲ ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም። ግን በቁመት ብቻ አትወስን። ጫማህን አውልቅና ግድግዳ ተደገፍ። መጽሐፍ በእግሮችህ መሃል እስከ ላይ አስጠግተህ ያዝ፤ ከመጽሐፉ የላይኛው ጫፍ እስከ ወለሉ ለካ። 80 ሴንቲ ከመጣ በ0.67 አባዛው፣ 53.6 ነው። ስለዚህ 54 ፈልግ። ኮርቻ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የፍሬም ርዝመት ግን እንደዛው ነው። እኔ ትልቅ ፍሬም ገዝቼ ጅማ ላይ የጅረንን ዳገት ስወጣ መሪው ራቀኝ። ወገቤና አንገቴ ለሳምንታት አሠቃዩኝ። ልክ በሁለት ቁጥር እኩሌታ ላይ ከሆንክ ትንሹን ውሰድ። ደግሞ ሳትነዳው ብር እንዳትከፍል! እዚያው ሰፈር አንድ ዙር ሂድበት፤ መሪውን ስትይዝ ክንድህ ተወጥሮ ከቀረ ተወው።