አዲሱ ላፕቶፕ ካርቶኑ ውስጥ የዊንዶውስ ሲዲ የለም፣ ከየት ላምጣ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ፣ አዲስ ላፕቶፕ ገዝተሽ ካርቶኑ ውስጥ ከቻርጀርና ከትንሽ ወረቀት በቀር ምንም የለም፣ ነገ ቢበላሽ በምን ልጭነው ነው ያልሽው፣ ደግሞ አንድ የምታውቂው ልጅ ዲቪዲ ኮፒ አድርጌ ልስጥሽ ብሎሻል። እኔ የሰው ላፕቶፕ ስሠራ ብዙ ጊዜ ስላሳለፍኩ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቢው ምክንያቱም ይሄን ነገር ሰው የሚያስበው ላፕቶፑ እምቢ ካለ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ሻጩ ምንም አላስቀረብሽም። ጥያቄሽ ስር ሻጩ ሲዲውን ወስዶብሽ ነው ብለው የጻፉልሽ ሰዎች በድሮው ጊዜ አስበው ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ እውነት ነው ሲዲ አብሮ ይመጣ ነበር፣ ላፕቶፑም ሆዱ ላይ 25 ፊደልና ቁጥር ያለው የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ማለትም ከፍለሽ መግዛትሽን የሚያሳይ ኮድ፣ የተጻፈበት ስቲከር ነበረው፣ ስቲከሩ ሲፋቅ ቁልፉም አብሮ ይጠፋ ነበር። ከዛ አምራቾቹ ሲዲውን ትተው ሃርድ ዲስኩ ላይ ዊንዶውስን መልሶ ለመጫን የሚሆን የተደበቀ ክፍል፣ ሪከቨሪ ፓርቲሽን የሚባለውን፣ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ስቲከሩም ቀረ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበት ከፋብሪካ በሚወጣ ላፕቶፕ ላይ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም ያለበት ቦታ፣ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ የከፈልሽበት ላይሰንስ አሁን እዛው ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው፣ ሲዲው የመጫኛ ፋይል መያዣ ብቻ ነው፣ ፋይሉን ደግሞ ማይክሮሶፍት በነፃ ነው የሚያወርድልሽ። ይሄን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ዲቪዲ ራሱ አሁን አይሆንም በነገራችን ላይ። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ነው የሚይዘው፣ የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ነው፣ አንቺም እንዳልሽው ላፕቶፑ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። የሚያስፈልግሽ ፍላሽ ነው።

ግን ከዛ በፊት አንድ ነገር ቼክ አድርጊ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሴቲንግ ግቢና ሲስተም ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቺው። በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል ካለሽ ጥሩ ነው፣ ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ ጋር ተያይዟል ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ። በድርጅትሽ የአክቲቬሽን ሰርቪስ ነው አክቲቬት የሆነው የሚል ነገር ካየሽና ላፕቶፑ ግን የራስሽ እንጂ የመሥሪያ ቤት ካልሆነ፣ አንድ ሰው በክራክ፣ ማለትም ላይሰንስ ሳይገዛ በሕገወጥ መንገድ፣ ጭኖበታል ማለት ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ከፋብሪካው ያለ ዊንዶውስ ይወጣል፣ ካርቶኑ ላይ ፍሪዶስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚደረግ ነፃ ሲስተም) ምናምን ይላል፣ ዋጋውም ቀነስ ያለው ለዛ ነው፣ ከዛ መሃል ላይ ያለ ሰው ክራክ ዊንዶውስ ይጭንበታል። እንደዛ ከሆነ ባዮሱ ውስጥ ምንም ቁልፍ ስለሌለ ከዚህ በታች የምልሽ ነገር አክቲቬት አያደርግልሽም፣ ወይ ላይሰንስ መግዛት ወይ በነፃ የሚገኘውን ሌላ ሲስተም፣ ሊነክስን፣ መጫን ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ። በእኔ እምነት ቅድሚያ መሠራት ያለበት የላፕቶፑ አምራች ያዘጋጀው ሪከቨሪ ነው እንጂ ባዶው ዊንዶውስ አይደለም። ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ ሁሉም ዌብሳይታቸው ላይ የላፕቶፑን ሲሪያል ነምበር ወይ የሞዴል ቁጥር አስገብተሽ ለዛው ሞዴል የተዘጋጀውን ፍላሽ ላይ የሚያወርድ የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፣ ለሁሉም ሞዴል ባይሆንም ለአዳዲሶቹ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ጥቅሙ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ የላፕቶፑን ዕቃዎች እንዲያውቃቸው የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ሁሉ ውስጡ መኖሩ ነው፣ ስትጭኚ ዋይፋዩም ታችፓዱም ድምፁም ወዲያው ይሠራል። ለአንቺ ሞዴል ከሌለ ዊንዶውሱ ራሱ ሪከቨሪ ድራይቭ የሚባል አለው፣ ሰርች ላይ ጻፊው ይመጣል። እዚህ ጋ የሲስተም ፋይሎቹንም ባክአፕ አድርግ የምትል ሳጥን አለች፣ እሷን ቲክ ማድረግሽን እርግጠኛ ሁኚ። ያለሷ የሚሠራው ፍላሽ የጥገና መሣሪያ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ኤስኤስዲው (ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበት ዲስክ) ከሞተና አዲስ ከተቀየረ ዊንዶውሱን መልሶ መጫን አይችልም፣ ሰውየው ፍላሽ አለኝ ብሎ ተማምኖ ይመጣና ሲከፈት ባዶ ነው። 16 ጊጋ ይላል ግን 32 ይሁን፣ ፍላሹ ላይ ያለው ነገር በሙሉ ይጠፋል፣ ሥራውም ይቆያል፣ ማታ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ተይው።

ከዛ ሁለተኛ ፍላሽ ካለሽ የማይክሮሶፍቱን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርጂና ንፁህ ዊንዶውስ ሥሪበት፣ ለዚህ 8 ጊጋ ይበቃል። ይሄ ለአብዛኛው አዲስ ላፕቶፕ ይሆናል፣ ያንቺ ቢሞት እንኳ በጓደኛሽ ኮምፒውተር መሥራት ትችያለሽ፣ የሷ ማሽን ሌላ ብራንድ መሆኑ ምንም ችግር የለውም። ስትጭኚ ቁልፍ ካልጠየቀሽ አትደንግጪ፣ ከባዮሱ ራሱ አንብቦት ነው፣ ኤዲሽኑንም ሆም ይሁን ፕሮ ራሱ ነው የሚመርጠው። ከጠየቀሽ ቁልፍ የለኝም የሚለውን ነክተሽ እለፊ፣ ድሮ የነበረውን ኤዲሽን ምረጪ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል። ዊንዶውስ 10 ይሻለኛል ብለሽ እንዳትመለሺ ደግሞ፣ ድጋፉ ኦክቶበር 14 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት ጉዳይ ላይ ደረስኩ፣ ይሄን በደንብ ያዢልኝ። ፍላሹን ሰክተሽ ቡት አደረግሽ፣ ማለትም ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳሽ፣ ዊንዶውሱ መጫን ጀመረ፣ የት ልጫን ብሎ ዲስክ የሚያስመርጥበት ገጽ ላይ ስትደርሺ ባዶ ነው፣ ምንም ድራይቭ የለም ይልሻል። በዚህ ምክንያት ኤስኤስዲው ተቃጥሏል ተብሎለት አዲስ ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ያውቃል፣ ኤስኤስዲው ግን ምንም አልሆነም ነበር። ከ11ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል ነገር በርቶባቸው ነው የሚመጡት፣ ኤስኤስዲው በሱ በኩል ነው የሚገናኘው፣ የዊንዶውሱ መጫኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ስለማይዝ ዲስኩን አያየውም። መፍትሔው ከአምራቹ ዌብሳይት የሞዴልሽን ስቶሬጅ ድራይቨር፣ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ የሚለውን አውርደሽ፣ ዚፑን ፈትተሽ ፎልደሩን እዛው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ባዶው ገጽ ላይ ስትደርሺ ሎድ ድራይቨር የሚለውን ነክተሽ ፎልደሩን ታሳዪዋለሽ፣ ዲስኩ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ባዮስ ገብቶ ቪኤምዲውን ያጠፋዋል፣ ይሠራል፣ ግን እኔ አልመክርም ምክንያቱም ሌላ ሰው በኋላ መልሶ ቢያበራው ዊንዶውሱ አይነሳም። እና ይሄን ድራይቨር አሁን፣ ላፕቶፑ ጤነኛ እያለ አውርጂው። የዋይፋይ ድራይቨሩንም አብረሽ አስቀምጪ፣ ዊንዶውስ 11 ሲጀምር ያለ ኢንተርኔት አላሳልፍም ይላል፣ ዋይፋዩ ደግሞ ድራይቨር ስለሌለው አይታይም፣ ሰው እዚህ ጋ ተቀርቅሮ ይቀራል። ከቸገረሽ አንድሮይድ ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያጋራውን) አብሪ፣ በሱ ያልፋል።

ፍላሹ ላይ ቡት ለማድረግ ላፕቶፑ ሲበራ ወዲያው ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ ደጋግመሽ ትጫኚያለሽ።

ቢትሎከርን፣ ዲስክ የሚቆልፈውን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ሳልነግርሽ አላልፍም። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቢ ዲስኩ ሳትጠየቂ ኢንክሪፕት የሚሆንበት፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የሚቆለፍበት፣ ጊዜ አለ። አንድ ቀን ባዮሱ አፕዴት ሲሆን ወይ ማዘርቦርድ ሲቀየር 48 አሃዝ ቁልፍ አምጪ ይልሻል፣ ከሌለሽ ፎቶሽም ጽሑፍሽም እዛው ተቆልፎ ይቀራል፣ የትኛውም ባለሙያ አይከፍተውም። በአካውንትሽ ገብተሽ ቁልፉን አውጪና ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስቀምጪው፣ ላፕቶፑ ውስጥ አይደለም፣ ሌላ ቦታ። እናት የልጆቿ ፎቶ ተቆልፎባት ስታለቅስ ማየት በጣም ነው የሚያመው፣ ለዛ ነው ደጋግሜ የምለው።

ልጁ ኮፒ ላድርግልሽ ስላለሽ ዲቪዲ ደግሞ፣ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ግን አትቀበዪ። ከሰው ወደ ሰው የሚዞሩት ኮፒዎች ብዙዎቹ የተነካኩ ናቸው፣ ሰው ዲፌንደሩን (የዊንዶውሱን ፀረ ቫይረስ) አጥፍቶ፣ አፕዴቱን ዘግቶ፣ ያለ ላይሰንስ አክቲቬት የሚያደርግ ክራክ፣ አክቲቬተር የሚሉትን፣ ከቶበት ነው የሚያዞረው፣ አክቲቬተሩ ውስጥ ደግሞ ፓስወርድ የሚሰርቅ ቫይረስ አብሮ ሊኖር ይችላል። አንቺ እኮ ላይሰንሱን ከላፕቶፑ ጋር ከፍለሽበታል፣ ክራክ ምን ያደርግልሻል? ኢንተርኔትሽ ደካማ ሆኖ የግድ ከሰው ፋይል መውሰድ ካለብሽ ንፁሁን አይኤስኦ (ሙሉውን የመጫኛ ፋይል) ውሰጂና ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ላይ ሃሹን፣ ማለትም ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳየውን ረጅም ኮድ፣ አውጥተሽ ማይክሮሶፍት ማውረጃ ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር አስተያዪው፣ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ጣዪው።

ላፕቶፕሽ ያለ ዊንዶውስ የመጣው ዓይነት ሆኖ ከተገኘና ላይሰንስ መግዛት ካልቻልሽ፣ ክራክ ከምትጭኚ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊነክስ ዓይነት ሞክሪ። ኡቡንቱ ከ2005 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ለጠየቀ ሁሉ ይልክ ነበር፣ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነበር፣ እስከ ዛሬ አደንቃቸዋለሁ። አሁን መላኩ ቀርቷል ግን አውርደሽ ፍላሽ ላይ አድርገሽ ሳትጭኚው መሞከር ትችያለሽ፣ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለቪዲዮ ምንም አይጎድለውም።

አክቲቬሽኑ ምን እንደሚልሽ አይተሽ ከነሞዴሉ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የትኛው ስቶሬጅ ድራይቨር እንደሚያስፈልግሽ ፈልጌ እነግርሻለሁ። ሲሪያል ነምበሩን ግን እዚህ አትለጥፊው፣ ፎቶ ስታነሺም ሸፍኚው።