ዱካክ፣ ቡናና ምች፦ ስለ ሰውነታችንና ስለ አንጎላችን ጥያቄና መልስ

መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ሰውነትና ስለ አንጎል አሠራር ለምትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ላለፉት 22 ዓመታት ለሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ ሳስተምር ስለቆየሁ የማውቀው ጤነኛ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ሐኪም ስላልሆንሁ መድኃኒት አላዝም፣ የላቦራቶሪ ውጤትም አላነብም። የሚያመው ሰው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ይህንኑ ዛሬም ደጋግሜ መናገሬ እንደማይቀር ካለፈው አውቃለሁ።

ከደሴ፦ መምህር፣ አንዳንድ ሌሊት እነቃና ክፍሉ ወለል ብሎ እየታየኝ እጄንም እግሬንም ማንቀሳቀስ ያቅተኛል፤ ደረቴን አንድ ከባድ ነገር ይጫነኛል፣ በሩ ሥር የቆመ ሰውም ያለ ይመስለኛል። እናቴ ዱካክ ነው ብላ ዳዊቷን ከትራሴ ሥር አኑራልኛለች። በእርግጥ ምንድን ነው?

መምህር፦ ዳዊቱን ከቦታው አያንሱት፤ የሚያረጋጋ ነገር ከትራስ ሥር መኖሩ እንቅልፍን አይጎዳም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሌሊቱን የምንተኛው አንድ ዓይነት እንቅልፍ አይደለም፤ በየ90 ደቂቃው ገደማ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከዚያም ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ ወደሚሯሯጥበት እንቅልፍ እንሸጋገራለን። ይህን የመጨረሻውን እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክሌይትማን ለይተው እስኪያሳዩ ድረስ፣ ሰው ሲተኛ አንጎሉም አብሮት የሚያርፍ ይመስል ነበር። ጉልህ ሕልም የምናየው በዚህ ጊዜ ነው። በሕልማችን የምናደርገውን ሁሉ በእውን ብናደርገው ኖሮ ከአልጋ ስንወድቅ ወይም አጠገባችን የተኛውን ስንደበድብ እናድር ነበርና፣ የአንጎል ግንድ ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚልከው ትእዛዝ ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል። ሳይታሰሩ የሚያድሩት በዋናነት ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና ድያፍራም የተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ናቸው። በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ ይሠራ የነበረው ሚሼል ዡቬ ይህን ማሰሪያ የሚቆጣጠረውን ቦታ በድመቶች አንጎል ላይ ባበላሸ ጊዜ፣ ድመቶቹ እንደተኙ ተነሥተው የሌለ ነገር ሲያድኑ ታይተዋል።

ዱካክ ማለት እንግዲህ ንቃት ቀድሞ መጥቶ ማሰሪያው ገና ሳይፈታ ሲቀር ነው። ደረትዎ የከበደው የተቀመጠበት ነገር ስላለ ሳይሆን፣ በድያፍራም ብቻ እየተነፈሱ ሳለ በፍርሃት በረጅሙ ልተንፍስ ሲሉ የጎድን አጥንት ጡንቻዎች አልታዘዝ ስለሚሉ ነው። በሩ ሥር የቆመው ሰውም ከሕልሙ የተረፈ ምስል ነው። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደግሞ አንዲት አሮጊት ደረት ላይ ትቀመጣለች ይባላል። እኔም በተማሪነቴ የፈተና ሰሞን በጀርባዬ ተኝቼ፣ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቁልፉን በሩ ውስጥ ሲያዞር፣ ጫማውን አውልቆ ከአልጋው ሥር ሲገፋ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ልጁ ግን ከሦስት ቀን በፊት ወደ አገሩ ሄዷል። በጀርባ መተኛት፣ እንቅልፍ ማጣትና በየቀኑ በተለያየ ሰዓት መተኛት ያባብሰዋል። ሲይዝዎት ከመታገል ይልቅ የአንዲት ጣት ጫፍ ወይም ዓይንዎን ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ፤ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በጥቂት ደቂቃዎች ይለቃል። ቀን ላይ ሳያስቡት እንቅልፍ የሚጥልዎት፣ ወይም ሲስቁ ጉልበትዎ የሚከዳዎት ከሆነ ግን ይህ ሌላ ጉዳይ ነውና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የጎንደሯ፦ መምህርን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር በጡንቻና በነርቭ ብቻ አይገለጽም። አያቴ ጠበል ተጠምቀው ዱካኩ ለቋቸዋል።

የመርካቶው፦ እኔም ለቆኛል፤ ያውም ጠበል ሳልጠመቅ፣ የሌሊት ሥራዬን ስተው።

የጎንደሯ፦ የእርስዎና የአያቴ ነገር አንድ መሆኑን በምን ዐወቁ?

መምህር፦ ጠበልን የሚከለክል ቃል አልተናገርሁም። ለጠበል የሚሄድ ሰው በጊዜ ይተኛል፣ ማልዶ ይነሣል፣ ልቡም ያርፋል፤ እነዚህ ሦስቱ እኔም የምመክራቸው ናቸው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ቡና ወዳድ፦ ማታ አቦሉንም ቶናውንም ጠጥቼ ድብን ብዬ እተኛለሁ። ታዲያ ቡና እንቅልፍ ይከለክላል የሚባለው ሐሰት ነው ማለት ነው?

መምህር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ በሕዋሳት ላይ በተዘጋጀለት መቀመጫ ሲያርፍ ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። ካፌይን ቅርጹ ስለሚመስለው መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። ልብ በሉ፤ ቡና ጉልበት አይሰጥም፣ ድካምንም አያጠፋም፤ ድካሙ ከውጭ ቆሞ ተራ እንዲጠብቅ ያደርጋል እንጂ። የካፌይን እኩሌታ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታልና፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከጠጡት ቡና ውስጥ እኩሌታው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና በደምዎ አለ። ይህም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ጉበት ፈጥኖ የሚያፈርስላቸው አሉ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወጣዋል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ዘንድ ደግሞ በጣም ይቆያል። እርስዎ ድብን ብለው ይተኛሉ፤ ነገር ግን መተኛት መቻልና በደንብ መተኛት አንድ አይደሉም። ማታ የተጠጣ ቡና ከባዱን እንቅልፍ ይሸርፈዋል፣ የተኛው ሰውም አይታወቀውም፤ የሚያውቀው ጠዋት ያለ ቡና ዓይኑ አልገለጥ ሲለው ነው፣ ከዚያም ይጠጣል፣ ማታም ይደግማል። ቡና ጠላት ነኝ እንዳትሉኝ፤ በረካውን ሳልጠጣ ከረከቦት አጠገብ ተነሥቼ አላውቅም፣ ግን ከምሳ በኋላ ባለው ሰዓት ነው።

ከአዳማ፦ ጾም ሲሆን ጠዋት ቡና ስለማልጠጣ እኩለ ቀን ላይ ራሴን ይፈልጠኛል። ረኃቡ ነው?

መምህር፦ ሐራራው ነው። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ በየቀኑ የለመደው ሰው ሲያቋርጥ ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ራስም ይፈልጣል። ካለፈው ሲኒ 12 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ይጀምራል። ጾሙ ሳይገባ ባለው ሳምንት በየቀኑ አንዳንድ ሲኒ እየቀነሱ ይቅረቡ። ድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት ደርሶብዎት የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት ከሆነ ግን ከእኔ ጋር አይነጋገሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከሐረር፦ ቡና እንቅልፍ ይከለክላል ወይ?

መምህር፦ ከሁለት ጥያቄ በፊት የተጻፈውን ያንብቡ።

ስሙ ያልተገለጸ፦ ጭንቅላቴ ትክክል አይደለም። ምን ላድርግ?

መምህር፦ ወንድሜ ወይም እኅቴ፣ ያምዎታል? ይዞርብዎታል? ይረሳሉ? ከመቼ ጀምሮ? ዕድሜዎ ስንት ነው? ይህን ሳያውቅ መልስ የሚሰጥዎት ሰው ካገኙ ይሽሹት። ሐኪም ዘንድ ይሂዱና እዚያም ቢሆን ነገሩን ዘርዝረው ይንገሩ።

ተማሪ፦ ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መምህር፦ አይደለም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ይዞ፣ በዕረፍት ጊዜ ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ዘጠኝ አሥረኛው ሥራ ፈት የሆነን አካል ተፈጥሮ እንዲህ አትቀልብም።

ከጅማ፦ ስቅታ ሲይዘን ሰው ስማችንን አንሥቶ ነው የሚባለውስ?

መምህር፦ ድያፍራም ድንገት ይኮማተራል፣ ወዲያው የጉሮሮ በር ይዘጋል፣ ድምፁ ያ ነው። ቻርለስ ኦስቦርን የተባለ አሜሪካዊ ከ1922 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ለ68 ዓመታት ስቅታ አልለቀቀውም፤ ይህን ያህል ዘመን ስሙን ሳይታክት ሲያነሣ የኖረ ሰው ካለ ትጉህ ነው። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ከዋሽንግተን፦ እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ሚጥሚጣ ቀምሰው ውኃ ሲጠጡ የባሰ ያለቅሳሉ። ውኃ ለምን አያበርደውም?

መምህር፦ ማቃጠሉ ጣዕም ስላልሆነ ነው። ምላሳችን ላይ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ «ተቃጠልሁ» የሚሉ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ በቃሪያና በሚጥሚጣ ያለው ካፕሳይሲን እነዚህኑ በሮች ይከፍታቸዋል። አንጎል እሳትና ሚጥሚጣን በዚያ መንገድ መለየት አይችልም፤ ላብ የሚያጠምቀን የነደድን መስሎት ሊያበርደን ስለሚነሣ ነው። በሩን እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ ያሳወቀው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነው፤ እርሱም በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውኃ ስለማይሟሟ ውኃው አፍ ውስጥ ያሰራጨዋል። ለልጆቹ ወተት ይስጧቸው። ክትፎን በሚጥሚጣ አሽተው አጠገቡ አይብ ያስቀመጡ እናቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል።

ከሐዋሳ፦ ምሳ በልቼ ፀሐይ ላይ ስወጣ ምች ይመታኝና ከንፈሬ ይቆስላል። ምግቡ ነው ወይስ ፀሐዩ?

መምህር፦ ከንፈርን ብቻ በተመለከተ፣ ፀሐዩ ነው። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚይዘው ኸርፐስ የተባለ ቫይረስ አለ፤ አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም፣ የፊት ስሜትን በሚያመላልሰው ነርቭ እንብርት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ጠንካራ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲቀሰቅሰው በነርቩ ክር ተጉዞ ከንፈር ላይ ይወጣል። ምሳው ምስክር ሆኖ ተገኘ እንጂ ጥፋት የለበትም።

የጎንደሯ፦ ዳማከሴ ጨምቆ መጠጣትና መቀባት ግን ያሽረዋል፤ ይህን የማያውቅ ቤት የለም።

ተማሪ፦ ቁስሉ ሳይነካም በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይድናል። ስለዚህ ዳማከሴው ነው ያዳነው ማለት አይቻልም።

የጎንደሯ፦ ልጄ፣ በሦስት ቀን ሲድን ያየሁት በዓይኔ ነው።

መምህር፦ በዚህ ክርክር አልገባም፣ ዕፀዋት ሙያዬ አይደሉም። የማስጠነቅቀው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ምች የሚለው ስም ከከንፈር ቁስል አልፎ ለትኩሳትና ለራስ ምታት ሁሉ ይሰጣል። በተለይ በቆላና በሐይቅ ዳር ለምትኖሩ፦ ትኩሳት ያለበትን ሰው ምች ነው ብላችሁ ቤት አታቆዩት፤ ወባ ሊሆን ይችላልና የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከመተማ፦ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቼ ሃያ እርምጃ ሳልራመድ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ እዚያ ያሉ እረኞች ግን ይሮጣሉ።

መምህር፦ ቆላ የኖረ ሰው ወደ ከፍታ ሲወጣ ሰውነቱ በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ እየጨመረ ይለማመዳል፤ እርስዎ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ነበሩ። የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ከነልጅ ልጃቸው ደማቸው ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን የበለጸገ ነው። የእኛዎቹ ይለያሉ፤ ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠናቸው ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ነበር።

ከስቶክሆልም፦ በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ ሌሊት ደግሞ አይወስደኝም። አዲስ አበባ ሳለሁ እንዲህ አልነበርሁም።

መምህር፦ አሁን ወደ ቤቴ መጣችሁ። ሁለቱ የዓይን ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት ያሏት አንዲት ጉብታ አለች፤ የሰውነት ሰዓት እርሷ ናት። ብቻዋን ስትተው ዑደቷ ከ24 ሰዓት በጥቂቱ ስለሚረዝም በየማለዳው መስተካከል አለባት፤ የሚያስተካክላትም በዓይን የሚገባ የንጋት ብርሃን ነው። እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረን መቁጠራችን ከዚህች ጉብታ ጋር ያስማማናል ብዬ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አሰለቻቸዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ እርስዎ ያሉበት ከተማ ግን በታኅሣሥ የሚያገኘው ብርሃን 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ያንንም በሥራ ቦታ ግድግዳ ውስጥ ያሳልፉታል። ስለዚህ ቀን ላይ፣ በተቻለ መጠን ረፋዱ ሳያልፍ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ከቤት ውጡ፤ ደመናማ ሰማይ እንኳ ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበራል። ማታ መብራቱን ይቀንሱ፣ ስልኩንም ከአልጋ ያርቁ። ልብዎ የከፋውና ምግብም ሥራም ያስጠላዎት ከሆነ እዚያው ያለ ሐኪም ያማክሩ።

ከአዋሽ፦ ቡና ከጠጡ ከስንት ሰዓት በኋላ መተኛት ይቻላል?

መምህር፦ ስለ ቡና ከዚህ በኋላ አልመልስም።

የሌሊት ዘበኛ፦ ይቅርታ መምህር፣ የእኔም ቡና አለበት። ሌሊት እጠብቃለሁ፣ ቀን 8 ሰዓት ተጋድሜ እንቅልፌ አይጠግብም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ቆሜ ልወድቅ እደርሳለሁ፤ በቡና ነው የማልፈው።

መምህር፦ እርስዎ በዝርዝር ስለጠየቁ እመልሳለሁ። የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ የሚለው በዚያው ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ነውና ስንፍና እንዳይመስልዎ። ቀን ሲተኙ ደግሞ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ያቺ ጉብታም «ተነሥ» እያለች ስለሆነ እንቅልፉ ይሳሳል። ጠዋት ወደ ቤት ሲሄዱ ባርኔጣ ወይም ጥቁር መነጽር ያድርጉ፣ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋልና አይበቃም። ወደ ሥራ ከመውጣትዎ በፊት ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ሸለብ ያድርጉ። ቡናውን ከእኩለ ሌሊት በፊት ይጨርሱት፣ በ10 ሰዓት ግን ከመጠጣት ይልቅ ተነሥተው ግቢውን ይዙሩ።

የሌሊት ዘበኛ፦ በ10 ሰዓት ጀበናዋን ይዛ የምትመጣውን ጎረቤት ምን ልበላት?

መምህር፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ትምጣ።